ነጩ በርሜል

አንድ ባሕሩን ይዞ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ነበረ። ጉልበቱን በመርከብ ሞተር ክፍል የጨረሰ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ባሕሩ ከልቡ አልወጣ አለው። ስለዚህ ከባሕር ርቃ በተራራ ሥር በተቀመጠች ከተማ ቤት ገዛና ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አቆመ። ገንዳውን በጨው ውሃ ሞላው፤ ከወደብ በሚመላለሱ ሾፌሮች እጅ ዓሣና ሕይወት ያለው ድንጋይ እያስመጣ ውስጡ አኖረ።

ታሪኩ ግን የእሱ አይደለም፤ የወንድሙ ሴት ልጅ ታሪክ ነው።

ይህን የምነግርሽ ትናንት ስለጠየቅሽኝ ነው። «ከባሌ የደበቅኩት ነገር ትንሽ ናት» አልሽኝ። «እሱን ከማወቄ በፊት ለሌላ ሰው ታጭቼ ነበር። አልሆነልንም፣ ቀለበቱን መልሼ ተለያየን። ይኸው ነው። ያኔ አልነገርኩትም፤ ከዚያ ወዲህም አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። ታዲያ እትዬ፣ ምንም ያልጨመርኩበት ነገር ለምን ዓመት በዓመት ይከብደኛል?» አልሽኝ።  እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ፊት ለፊት መመለስ አይሆንልኝም፤ አንገቴን መድፋት ይቀናኛል። ስለዚህ ስለ ልጅቷ ልንገርሽ።

ልጅቷ ከዘመዶቿ ሁሉ ቀድማ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት። በከተማው ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምር ስለነበር የምትኖረው ከአጎቷ ከመርከበኛው ቤት ነበር፤ ከእነሱም ጋር የአጎቷ ታላቅ እኅት አለች። አጎቷን «ጋሼ»፣ አክስቷን «እቴቴ» ትላቸዋለች። እነሱ ደግሞ ስሟን ትተው «የተማረችው» ይሏት ነበር። የመድኃኒት ወረቀት ሲመጣ «ለተማረችው ስጧት»፣ ቴሌቪዥኑ እምቢ ሲል «የተማረችው ትየው»። ልጅቷ ዓይናፋር ናት። የማታውቀውን ሲጠይቋት «አላውቅም» የሚለው ቃል ከጉሮሮዋ አይወጣም። ፈገግ ብላ ዝም ትላለች፤ ሰውም ዝምታዋን እውቀት አድርጎ ይወስደዋል።

የገንዳውን ነገር ላስረዳሽ። ውስጡ ኮራል የሚባሉ ፍጥረቶች ነበሩ፤ ስታያቸው ድንጋይ ናቸው፣ መብራቱ ሲበራ ግን ድንጋዩ በየቦታው እንደ ትናንሽ እጅ ይዘረጋል። በመሐላቸው መርከበኛው ከሁሉ አስበልጦ የሚወዳት አንዲት የባሕር አበባ ነበረች። አበባ ትባል እንጂ እንስሳ ናት፤ ጣት ጣት የሚያክሉ ክሮቿን እያወዛወዘች ዐለት ላይ ተጣብቃ ትኖራለች። በክሮቿ ውስጥ ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ያድራሉ። መርከበኛው «ባልና ሚስቱ» ይላቸው ነበር። የገዛ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቁርሱን የሚበላው እነሱ ፊት ተቀምጦ ነው፤ ልጅ አልነበረውም።

አንድ ጊዜ ሰውየው ልቡን ታመመ። ውጭ አገር ሄዶ በቀዶ ጥገና መከፈት እንዳለበት ተነገረው። የሚሄድበት ቀን ሻንጣው በር ላይ ሆኖ፣ ታክሲው ጡሩምባውን እየነፋ፣ ልጅቷን እጇን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰዳት። እዚያ ሁለት በርሜሎች ቆመዋል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ።

«ሰማያዊው ውስጥ በባሕር ጨው የበጠበጥኩት ውሃ አለ» አላት። «ነጩ ውስጥ የተጣራ ተራ ውሃ። ገንዳው ሲጎድል ከዚህ ትሞያለሽ፣ ውሃውን ስትለውጪ ደግሞ ከዚያ ነው። ይህች ተንሳፋፊ የመስታወት መለኪያ የጨዉን መጠን ትነግርሻለች። ገባሽ?»

«ከዚህ» ሲል አንዱን በርሜል መታ አደረገ፤ «ከዚያ» ሲል ሌላውን። ልጅቷ ግን የትኛውን ቀድሞ እንደመታ አላየችም። የምታየው እጁን ነበር፤ ከበሽታው የተነሣ ጣቶቹ አብጠው ቀለበቱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። በሕይወት ይመለስልኝ ይሆን እያለች ነበር።

«ኧረ ታክሲው ሊሄድ ነው!» ስትል እቴቴ ከሳሎን ጮኸች።

«ገባሽ ወይ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

አልገባትም ነበር። «የትኛውን ነው?» ብትል አንድ ትንፋሽ የማይሞላ ነገር ነው። አላለችም። ግንባሯን ስሟት ሄደ።

ከሄደ በኋላ ብቻዋን አሰበችበት። ባሕር ከጎደለ የሚሞላው በባሕር ነው፤ ተራው ውሃ ዕቃ ማጠቢያ መሆን አለበት ብላ ወሰነች። አሳቧን ሞኝነት አትበዪው። አንቺም ብትሆኚ፣ እኔም ብሆን፣ እንዲሁ ነበር የምናስበው።

በየጠዋቱ የገንዳው ውሃ ጥቂት ወርዶ ታገኘዋለች። ከሰማያዊው በርሜል በጆግ እየቀዳች ትሞላዋለች። መስታወቱን ትወለውላለች፣ ውሃውን የሚያዞረውን ፓምፕ ታጥባለች፣ ምግባቸውን በመጠን ትሰጣለች። ተንሳፋፊዋ መስታወት ቀስ በቀስ ከውሃው ወደ ላይ ብቅ እያለች ትሄድ ነበር፤ ልጅቷም ሕፃን ኪሎ እንደጨመረላት እናት ደስ ይላት ነበር።

እሑድ እሑድ አጎቷ ይደውላል። ለመዳን መጀመሪያ መጠንከር አለብህ ተብሎ፣ ክኒን እየዋጠ ተራውን ይጠብቃል።

«ባልና ሚስቱስ?» ይላታል።

«ደህና ናቸው ጋሼ።»

«ተንሳፋፊዋስ?»

«ጥሩ ናት ጋሼ።»

እቴቴ ስልኩን ትቀማና «አይዞህ፣ የተማረችው ይዛቸዋለች! እንዳንተ አታነፋርቅባቸውም!» ትለዋለች።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን ቢስቡት ቢስቡት አልነሣ አለ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ውስጥ አየር ያልቃል። ልጅቷ ወንበር ላይ ወጥታ ውሃውን በጆግ እየቀዳች ከከፍታ መልሳ ታፈሰው ጀመር፤ እንዲያ ሲፈስ አየር ይዞ ይገባል። ሲደክማት እቴቴ ተቀበለቻት።

«ወንድሜን ልጅ ውለድ ብንለው ዓሣ ወለደልን!» አለች እቴቴ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ጆጉን እያነሣች። «የወንድሜን ልጆች ነው የማጥበው? በይ ንገሪኝ፣ ይሄ ወፍራሙ በማን ወጥቶ ነው?»

መብራት እስኪመጣ ድረስ እየተፈራረቁ ሲቀዱ ሲያፈሱ ዋሉ። አንድም አልሞተም። ልጅቷ በዚያ ቀን ኩራት ገባት። ኩራቷ ደግሞ በኋላ ጎዳት፤ ነገር መበላሸት ሲጀምር ጥፋቱ ከእሷ ነው የሚል አሳብ በቶሎ አልመጣላትም።

መበላሸቱ ከኮራሎቹ ጀመረ። መብራቱ ሲበራ መዘርጋት ተዉ። ከዚያ በገንዳው ከንፈር ላይ ነጭ ነገር እየጋገረ መጣ፤ እሷም ቆሻሻ መስሏት በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። በየቀኑ ምልክቱን በገዛ እጇ እየጠረገች ታጠፋው ነበር ማለት ነው። ምግቡን ቀነሰች። መብራቱን ቀድማ ማጥፋት ጀመረች። አንድ ጠዋት ከሌሎቹ ዓሦች አንዱ፣ ቢጫው፣ ከድንጋይ ኋላ በጎኑ ተኝቶ ተገኘ። በጋዜጣ ጠቅልላ ከአጥሩ ሥር ቀበረችው።

እሑድ ስልኩ ጮኸ።

«ልጆቼስ?»

«ደህና ናቸው ጋሼ።»

የመጀመሪያው እሑድ ይህች ቃል እውነት ነበረች። አሁንም ያችው ቃል ናት፤ አንድ ፊደል አልተቀየረችም። አፏ ውስጥ ግን ጣዕሟ ሌላ ሆነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ጓዳ ገብታ በሁለቱ በርሜሎች መሐል መቆም አመጣች። ከእነዚህ አንዱ ላይ ነገር እንዳለ ልቧ ነግሯታል። ለመጠየቅ ግን መንገዱ ጠበባት። «የትኛው ነበር?» ካለች «ገባኝ ያልሽኝስ?» ይመጣል። አጎቷ በሄደ ማግሥት ጠይቃ ቢሆን የሚያስከፍላት ፊት መቅላት ብቻ ነበር። አሁን ቢጫው ዓሣ ተጨምሯል። ዓሦቹ ትንሽ ይሻላቸውና ያኔ እጠይቃለሁ ብላ ቀጠረች። በማግሥቱ ከኮራሎቹ አንዱ፣ ሐምራዊው፣ ከሥሩ መንጣት ጀመረ። ልጠይቅ ባለች ቁጥር ትናንት መጠየቅ ይቀል ነበር።

እቴቴም ገንዳውን ማየት አበዛች።

«ዓይን ነው» አለች። «ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ጸበል ጠብ እናድርግበት።»

«እቴቴ፣ ጨው የሌለው ውሃ እኮ ይገድላቸዋል።»

«እሺ። አንቺ ነሽ የተማርሽው።»

በዚያው ሰሞን አጎቷ ፎቶ ላኩልኝ አለ። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ገንዳው ፊት ቆመች፤ ለማንሣት እጇ እምቢ አላት። እቴቴ ከኋላዋ መጣች።

«ሐኪሞቹ ምን አሉ? እንዳይደነግጥ አላሉም?»

«ብለዋል።»

«በፊት ያነሣሽው የለሽም?»

ነበራት። አጎቷ የሄደ ሰሞን ያነሣችው፣ ሁሉም ነገር ተዘርግቶ የሚታይበት ፎቶ ነበራት። እሱን ላከችለት። አጎቷ በደስታ መለሰላት፤ ፎቶውን ለነርሶቹ ሁሉ እንዳሳየ፣ «ይህን ቤት ውስጥ የምትጠብቅልኝ የወንድሜ ልጅ ናት፣ የተማረች ናት» እንዳላቸው ጻፈላት። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ቀኑ እየገፋ ሄዶ ልቡ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የባሕር አበባይቱን ተሰብስባ ጭብጥ ያህል ሆና አገኘቻት። ከዐለቷ ተላቅቃለች፤ የፓምፑ ውሃ ሲገፋት በአሸዋው ላይ ትንከባለላለች። ባልና ሚስቱ ማደሪያ አጥተው በአንድ ጥግ ተጠግተዋል፤ ትልቋ ጎኗን እየጣለች ትቃናለች። ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ አበባይቱን ወደ ዐለቷ ልትመልሳት ክንዷን እስከ ብብቷ አስገባች። ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። እቴቴ አንሥታ በሁለት እጇ ያዘችላት።

«ነገ ጠዋት ያስገቡኛል» አለ አጎቷ። ድምፁ ቀጥኗል። «ዛሬ ፎቶ አልፈልግም። ስልኩን በቪዲዮ አድርገሽ ወደ ገንዳው አዙሪልኝ። ባልና ሚስቱን አይቻቸው ልግባ።»

የእቴቴ ፊት አመድ መሰለ። የስልኩን አፍ በመዳፏ ደፈነችና «መስመር የለም በይው» አለቻት፣ በሹክሹክታ። «ቆርጪው! ኔትወርክ ነው ይላል፣ ያምናል።»

ልጅቷ ከገንዳው እጇን አወጣች። ውሃው ከክርኗ ወደ ምንጣፉ ይንጠባጠባል።

«ስሚኝ» አለች እቴቴ፣ የእጇን አንጓ ይዛ። «እሱን ማሳየት ማለት መግደል ነው። ወንድሜ ነው። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ነገ ሲነቃ ንገሪው፣ ከፈለግሽ እኔ እነግረዋለሁ። ዛሬ ቆርጪው።»

እቴቴ ያለችው ውሸት አልነበረም። ልጅቷም ይህንኑ ፈርታ ነው እስከዚያ ድረስ የመጣችው። ስልኩን ተቀብላ ቀዩን ምልክት ልትነካ ጣቷን አነሣች። ቀላል ነበር። መስመር በዚያ ከተማ በየቀኑ ይቆረጣል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅበትም። ግን ከዚያ በኋላ ሲደውል የምትመልሳትን ቃል አሰበች። «ደህና ናቸው።» ቃሏን ከአፏ ልታወጣት ሞከረች፤ አልወጣ አለቻት። ድፍረት ስላገኘች አይመስልሽ። ጨው የጠገበ ውሃ ሌላ ጨው ጨምረሽ ብታማስዪው አይቀበልሽም፤ ወደ ታች ይዘቅጣል። ውስጧ እንዲያ ሆኖ ነበር። ቦታ አለቀባት።

ቪዲዮውን ከፍታ ስልኩን ወደ ገንዳው አዞረችው።

«ጋሼ» አለች። «አልገባኝም ነበር።»

«ምኑ?»

«የበርሜሎቹ ነገር። ገባኝ ያልኩዎ ቀን አልገባኝም ነበር። አፍሬ ነው። ቢጫው ሞቷል። ፎቶውም የድሮ ነው።»

 ከወዲያ ማዶ ከአልጋው አጠገብ ልቡን የምትከታተለው መሣሪያ ጥ፣ ጥ፣ ጥ ስትል ይሰማ ነበር፤ ምቷም ፈጠነ። እቴቴ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቷ መሣሪያዋን እያዳመጠች ቆመች። 

«ጣትሽን ነክረሽ ቅመሺው» አለ አጎቷ በመጨረሻ።

ነከረችና ቀመሰች። ምላሷ ተኮማተረ፤ በእጇ ጀርባ አፏን ጠረገች።

«ምን ይላል?»

«ይመራል።»

«ሲጎድል ከየትኛው ነው የምትሞዪው?»

«ከሰማያዊው።»

«ነጩንስ?»

«ዕቃ አጥብበታለሁ።»

አንድ ድምፅ መጣ። እያለቀሰ መሰላት። ሰውየው ግን እየሳቀ ነበር፤ ቢያመውም እየሳቀ ነበር። «በዚያ ባጣራሁት ውሃ ሰሃን ታጥቢልኛለሽ!» አለ። «ዓለም ላይ እንደኛ ቤት የጠራ ሰሃን የለም ማለት ነው!» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ስሚ ልጄ። ከገንዳው በየቀኑ የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው። እየተነነ ይሄዳል፣ አታዪውም። ጨው አብሮት አይሄድም፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መመለስ ያለብሽ የሄደውን ነው፤ ተራውን ውሃ። አንቺ በሄደው ፋንታ ውሃም ጨውም መለስሽለት። ተንሳፋፊዋ ወደ ላይ ስትወጣ ጨዉ በዛ ማለቷ ነበር፤ አንቺ ግን ገንዳው እስከ አፉ ሞልቶ ስታዪው ደህና መሰለሽ። ሞልቶ ነበር የሚሞተው።»

ልጅቷ ስልኩን ለእቴቴ ወርውራ ወደ ጓዳ ሮጠች። በነጩ በርሜል ትልቁን ባልዲ ሞልታ ስትመለስ አጎቷ አያት።

«ቁሚ!»

ቆመች።

«ባንድ ጊዜ ከደፋሽበት ከጨዉ የተረፈው በድንጋጤ ይሞታል። ከገንዳው በስኒ ቅጂና ድፊው፤ በምትኩ ከነጩ አንድ ስኒ ጨምሪ። ጥቂት ቆይተሽ ሌላ ስኒ። ነገም እንዲሁ። አሁኑኑ ጀምሪ፣ ግን በስኒ።»

የመጀመሪያውን ስኒ ስታፈስ አያት። ከዚያ ያልጠበቁትን ነገር ተናገረ።

«እኔም ልንገራችሁ። ትናንት ሐኪሙ ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ ብዙ አስረዳኝ። ገባህ ወይ አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩለት። አልገባኝም። እዚህ ሁሉም ይቸኩላል፣ ደግመህ ንገረኝ ማለት አፈርኩ። አንዲት ክኒን አለች፤ አቁም ይበለኝ ቀጥል ይበለኝ አላውቅም። ዛሬም ወስጃታለሁ።» ከትራሱ ቀና አለ። «ቆይ፣ ልጥራው።» ስልኩ ተዘጋ።

ክኒኗ ደም የምታቀጥን ነበረች። ማቆም ነበረበት፤ አላቆመም። ሐኪሙ ይህን ከአፉ ሲሰማ ቀጠሮውን ገፋውና ክኒኗ ከደሙ እስክትወጣ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ነው የከፈቱት። ዳነ።

እዚህ ቤት ልጅቷና እቴቴ ስኒያቸውን እየተቀባበሉ ያፈስሱ ነበር። እቴቴ በየስኒው አማትባ ነው የምትደፋው። «ጸበል ብዬ ነበር እኮ!» ትላለች። «ጨው የሌለው ውሃ ይገድላቸዋል ያለችኝ ማን ነበረች? የተማረችው!» ልጅቷም ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ገንዳው ላይ ነው። ተንሳፋፊዋ መስታወት ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች። የባሕር አበባይቱ ዐለቷን ያዘች፤ በመጀመሪያ በአንድ ጎኗ፣ ኋላ ሙሉ በሙሉ። ትልቋ ዓሣ ግን አልተረፈችም። ሐምራዊው ኮራልም እንደነጣ ቀረ። ሁሉም ዳነ ብልሽ እኔም ከሰማያዊው በርሜል ልቀዳልሽ ነው።

አጎቷ ሲመለስ ልጅቷ በሩ አጠገብ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ እየጠመዘዘች ቆማ ነበር። ሰውየው ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ገንዳው ፊት ሄደ። ብቻውን የቀረውን ዓሣ አየው። ነጩን ኮራል አየ። ማን ሞተ፣ መቼ ሞተ ብሎ አልጠየቀም። ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

«ባሕር ነው» አለ።

ከዚያ እጇን ይዞ፣ እንደዚያን ቀኑ፣ ወደ ጓዳ ወሰዳት። ሁለቱ በርሜሎች በቦታቸው ናቸው።

«ሲጎድል ከነጩ ነው፤ ስትለውጪ ከሰማያዊው። ገባሽ?»

አሁን ከዚያች ከተማ ሰው ሁሉ ይልቅ ይህን የምታውቀው እሷ ናት። ግን ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ያሳዩኝ» አለች።

ደግሞ አሳያት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ዝምታሽ ያ ገንዳ ነው ልጄ። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም ያልሽው እውነት ይመስለኛል። የከበደሽም ስለጨመርሽበት አይደለም፤ ከላዩ እየተነነ በሄደው ነው። ስትጋቡ ነገርሽ በብዙ ውሃ ውስጥ ነበረች። ገና አዲስ ነበራችሁ፤ ስለ ድሮው እየተጠያየቃችሁ የምትሳሳቁበት ጊዜ ነበር፤ «ለካ እንዲህም ሆነሽ ነበር» ብሎ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ያ ሁሉ ሳታዪው ሄደ። ቀለበቱ ቀረ። ቀለበቱ ያው ነው፤ ውሃው ነው ያነሰው።

ደግሞ የጎደለ ሲመስልሽ ከየትኛው በርሜል እንደምትሞዪ አስቢ። ከድሮ ሰፈርሽ የመጣ ሰው መንገድ ላይ ሰላም ሲልሽ ትደነግጫለሽ፤ ማታ ባልሽ ሲገባ ከወትሮው ይልቅ ትንከባከቢዋለሽ፣ የሚወደውን ትሠሪለታለሽ፣ ሳይናገር እሺ ትዪዋለሽ። እሱም ደስ ይለዋል፤ ቤቱ ሞልቶ ይታያል። ግን እንክብካቤው ውስጥ ፍርሃት ተበጥብጧል። እሱ ነው ሰማያዊው።

ነጩ በርሜል አጠገብሽ ቆሟል። ውስጡ ያለው ተራ ነገር ነው፤ «አንድ ሳልነግርህ የቀረሁት ነገር አለ» የሚል። አታሳምሪው። ባንድ ጊዜም አትድፊበት፤ አንድ ስኒ ዛሬ ስጪው፣ የሚጠይቅሽን መልሺለት፣ ሲበቃው ዝም በዪ። ነገም ይኖራል። ቆይቶ የሚደርስ ሁሉን አያተርፍም፤ ምናልባት አንዲት ነገር ነጥታ ትቀር ይሆናል። ነገ ግን ከዛሬ ይልቅ ይመራል፤ ያንን ልጅቷ ቀምሳዋለች።

ስሟን አትጠይቂኝ። ባልሽ የሚገባበት ሰዓት ደርሷል፤ ተነሺ።